አይሮፕላን ለመሥራት ፈቃድ የተነፈጋቸው ሊቅ ፤ የፕሮፌሰር ሁጎ ዩንከርስ ታሪክ

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ወደ ቦሌ የሚወስደውን ሰፊ መንገድ ይዞ ደምበል ዘንድ የደረሰ ሰው ጥቂት ቆም ብሎ ቀና ቢል፥ ወደ ማረፊያው የሚወርድ ወይም ከዚያ የተነሣ አይሮፕላን ለማየት ብዙ አይጠብቅም። በመንገዱ የሚመላለሰው ሕዝብ ግን ቀና ብሎም አያይ። የቢሮ ሠራተኛው ታክሲ ይጠብቃል፤ ተማሪው ደብተሩን በብብቱ ይዞ ይሮጣል፤ ነጋዴው ከደንበኛው ጋር ዋጋ ይከራከራል። ይህም የሚያስነቅፍ አይደለም፤ የለመዱት ነገር አያስደንቅምና። እኛ ግን በቅርቡ እዚያው ደምበል አጠገብ ቆመን ሳለን አንድ ጥያቄ መጣብን። ይህን የሚያህል የብረት ክምር ሕዝብ ጭኖ በራሳችን ላይ ሲያልፍ የማንሸሸው ስለ ምንድን ነው? ክንፉ እንደማይገነጠል፥ ሞተሩ በድንገት እንደማይቆም ማን ማረጋገጫ ሰጠን?

መልሱ ሲመረመር ወደ አንድ የቢሮ ጠረጴዛ ይወስደናል። አይሮፕላን ከመብረሩ በፊት በወረቀት ላይ ብዙ መንገድ ይጓዛል። በመጀመሪያ የአይሮፕላኑ ዓይነት ይመረመራል። መሐንዲሶቹ የሣሉት ሥዕልና ያሰሉት ስሌት ይታያል፤ ክንፉ በሥራ ዘመኑ ሊደርስበት ይችላል ተብሎ ከሚታሰበው ከባድ ሸክም አንድ ጊዜ ተኩል የሚሆን ጫና ተጭኖበት ሳይሰበር መቆየቱ ይረጋገጣል፤ ከዚያም በኋላ በአየር ላይ ይፈተናል። ይህን ሁሉ ሲያልፍ ለዓይነቱ ማረጋገጫ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ፈቃድ የፋብሪካው ነው። አንድ ደኅና አይሮፕላን መሥራት አንድ ነገር ነው፤ መቶኛው ከመጀመሪያው ሳይለይ እንዲወጣ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስለዚህ የፋብሪካው የአሠራርና የቁጥጥር ሥርዓት ለብቻው ተመርምሮ የማምረት ፈቃድ ያገኛል። ሦስተኛው ወረቀት ከፋብሪካው ለሚወጣው ለእያንዳንዱ አይሮፕላን የሚሰጠው የበረራ ብቁነት ምስክር ነው። መለዋወጫ ዕቃም እንደዚሁ ነው። አንዲት ብሎን እንኳ ከየት እንደመጣችና ማን እንደሠራት የሚናገር ወረቀት ከሌላት በአይሮፕላን ላይ አትገባም።

ይህን ስናስብ በልባችን የመጣው ሰው ከሞቱ ብዙ ዘመን ያለፋቸው ጀርመናዊው ሊቅ ፕሮፌሰር ሁጎ ዩንከርስ ናቸው። ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ አይሮፕላን ለዓለም ያሳዩ እሳቸው ናቸው። ለመንገደኛ ተብሎ የታሰበ የብረት አይሮፕላንም መጀመሪያ የወጣው ከእሳቸው ፋብሪካ ነው። ፈቃድ የሚባለውን ነገር ደግሞ በመልካሙም በክፉውም በኩል እንደ እሳቸው የቀመሰ ሰው ጥቂት ነው። በአገራችን ሰማይም ላይ ስማቸው ቀድሞ ታይቷል። ስለዚህ ታሪካቸውን ለተማሪዎችና ሥራ ለጀመሩ ወጣት ሹማምንት ብናቀርብ ይጠቅማል ብለን አሰብን። የውጭውን ታሪክ ስንናገር ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የአገራችንን ስንናገር ግን ዓመተ ምሕረት እንላለን።

ከውኃ ማሞቂያ እስከ ክንፍ

ሁጎ ዩንከርስ የካቲት 3 ቀን 1859 በራይን አውራጃ ራይት በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የሽመና ፋብሪካ ባለቤት ስለ ነበሩ ልጁ ያደጉት የመኪና ድምፅ እየሰሙ ነው። በበርሊን፥ በካርልስሩኸና በአኸን ከተሞች የመሐንዲስነት ትምህርት ከተማሩ በኋላ ዴሳው ወደ ተባለች ከተማ ሄደው በጋዝ የሚሠሩ ሞተሮችን መመርመር ጀመሩ። በዚያም ኦኽልሆይዘር ከሚባሉ የፋብሪካ ሰው ጋር ሆነው፥ ሁለት ፒስተኖች በአንድ ሲሊንደር ውስጥ ፊት ለፊት እየተያዩ የሚሠሩበትን ሞተር አወጡ። ጋዝ ሲነድ የሚሰጠውን ሙቀት የሚለካ መሣሪያም ሠሩ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው ነገር አለ። ዩንከርስ ሙቀት መለኪያውን ሠርተው ዝም አላሉም። ሙቀትን መለካት የቻለ ሰው ሙቀት የሚባክንበትንም ያውቃልና፥ በ1895 በዴሳው የራሳቸውን ኩባንያ አቋቁመው በጋዝ የሚሠራ የመታጠቢያ ቤት ውኃ ማሞቂያ ማምረት ጀመሩ። ኋላ ዓለምን ያስደነቀው የአይሮፕላን ምርምር የተካሄደው በአብዛኛው ከዚህ የውኃ ማሞቂያ በተገኘ ገንዘብ ነው። ሰዎች ገላቸውን እየታጠቡ ሳያውቁት ለአይሮፕላን ምርምር ገንዘብ ያዋጡ ነበር ማለት ነው።

በ1897 በአኸን ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። በማግስቱ ዓመት አገቡና አሥራ ሁለት ልጆች ወለዱ። ስለ አይሮፕላን ማሰብ የጀመሩት ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ሲጠጋ ነው። በዚያው ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ራይስነር አይሮፕላን ለመሥራት ሲነሣ የክንፉን ቆርቆሮ በማዘጋጀት ረዱት፤ በዚያውም በነገሩ ተያዙ። የዚያን ዘመን አይሮፕላን ከእንጨትና ከሸራ የተሠራ፥ በክንፎቹ መካከል ብዙ ሽቦ የተወጠረበት ነበር። ዩንከርስ ይህን ሲያዩ ሽቦውም ምሰሶውም ነፋስን እየተጋፋ ኃይል እንደሚያባክን ተረዱ። ልክ እንደ ሙቀቱ የሚባክን ነገር አይወዱም ነበር። ክንፉ ራሱ ወፍራም ሆኖ የሚሸከመው አጥንት ሁሉ በውስጡ ቢደበቅ ሽቦ አያስፈልግም ብለው አሰቡ፤ በየካቲት 1910 የባለመብትነት ወረቀት አወጡበት። ዛሬ ከደምበል ቀና ብለን የምናየው ክንፍ ያለ ምሰሶና ያለ ሽቦ ተዘርግቶ የሚታየው በዚህ ሐሳብ ነው።

ሐሳቡን በሥራ ለማሳየት አምስት ዓመት ፈጀ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1915 በበርሊን አጠገብ በዶበሪትስ ሜዳ ከስስ የብረት ቆርቆሮ የተሠራ ባለ አንድ ክንፍ አይሮፕላን ከመሬት ተነሣ። ብዙ ሰው ብረት እንዴት ይበራል እያለ ያፌዝ ስለ ነበር አይሮፕላኑን የቆርቆሮ አህያ ብለው ጠሩት። በእርግጥም አህያው ከባድ ነበር፤ ሽቅብ መውጣት ይቸግረው ነበር። ነገር ግን በረረ። ዩንከርስ በዚህ ሳይቆሙ ብረቱን ትተው ዱራሉሚን ወደሚባለው ቀላልና ጠንካራ የአሉሚኒየም ድብልቅ ተሻገሩ። ስሱ ቆርቆሮ እንዳይታጠፍ እንደ ቤት ክዳን ሸንተረር እንዲኖረው አደረጉ። ይህ ሸንተረር ለብዙ ዘመን የዩንከርስ አይሮፕላኖች መታወቂያ ሆነ።

ዘመኑ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነበረና ሥራቸው በጦር ሠራዊቱ እጅ ገባ። ለእግረኛ ጦር ቅኝት የሚያገለግል ከ220 በላይ ባለጥሩር አይሮፕላን ሠሩ። በ1917ም መንግሥት ፈጥኖ ማምረት ይሻላል ብሎ ፎከር ከሚባለው ታዋቂ የአይሮፕላን ሠሪ ጋር በአንድ ኩባንያ እንዲጣመሩ አስገደዳቸው። አንዱ ተመራማሪ፥ ሁለተኛው ነጋዴ ስለ ነበሩ ጥምረቱ አልሰመረም። መንግሥት በዩንከርስ ሥራ ላይ እጁን ማስገባት የጀመረው ያኔ ነበር።

ሦስት ቀን

ጦርነቱ ሲያበቃ ዩንከርስ ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ተቃርቦ ነበር። ብዙ የጦር አይሮፕላን ፋብሪካዎች ሲዘጉ እሳቸው ኦቶ ሮይተር የሚባለውን መሐንዲስ ይዘው ለሰላም ጊዜ የሚሆን አይሮፕላን አሠሩ። ኤፍ 13 ይባላል። አራት መንገደኞች በተዘጋና በሚሞቅ ክፍል ውስጥ በወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ የወንበር ቀበቶም አላቸው። ይህ በዚያ ጊዜ ያልተለመደ ነገር ነበር። ኤፍ 13 መጀመሪያ የበረረው ሰኔ 25 ቀን 1919 ነው። ጀርመን በቬርሳይ የሰላም ውሉን የፈረመችው ደግሞ ሰኔ 28 ቀን ነው። በመካከሉ ሦስት ቀን ብቻ አለ።

በዚያ ውል አንቀጽ 201 በጀርመን አገር ሁሉ አይሮፕላንና የአይሮፕላን ክፍል፥ የአይሮፕላን ሞተርና የሞተር ክፍልም መሥራትና ከውጭ ማስገባት ውሉ ከጸናበት ቀን ጀምሮ ለስድስት ወር ተከለከለ። የድል አድራጊዎቹ መንግሥታት ፍርሃት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ከተሞቻቸው በጀርመን አይሮፕላን ተደብድበዋል። ሆኖም ክልከላው የመንገደኛውን አይሮፕላን ከቦምብ ጣዩ አልለየም። በመስከረም 1919 ኤፍ 13 ስምንት ሰው ጭኖ ወደ 6750 ሜትር ከፍታ ወጣ፤ ነገር ግን ጀርመን ከዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ማኅበር ውጭ ስለ ነበረች ድሉ በመዝገብ አልገባም።

የቁጥጥር ኮሚሲዮን መኮንኖች ወደ ፋብሪካዎቹ መጥተው አይሮፕላኑን እየቆጠሩ ወረሱ። ስድስት ወር የተባለውም ክልከላ፥ ጀርመን ውሉን አልፈጸመችም በሚል ምክንያት እየተራዘመ እስከ ግንቦት 1922 ድረስ ዘለቀ። ዩንከርስ የሠለጠኑ ሠራተኞቻቸው እንዳይበተኑ ፋብሪካውን ወደ ቤት ዕቃና ወደመሳሰለው ሥራ መለሱት። አይሮፕላኖቻቸው ግን በሌሎች አገሮች መብረር ጀምረው ነበር። በአሜሪካ የፖስታ መሥሪያ ቤት በ1920 ለደብዳቤ ማመላለሻ ተቀብሏቸው ነበር፤ ሆኖም ከነዳጅ መስመሩ በሚወጣ ነዳጅ ምክንያት እሳት ተነሥቶ ሰዎች ሞቱ። ይህን የጠቀስነው ሊቁን ለመንቀፍ አይደለም። የታላቅ ሊቅ ሥራም ቢሆን ሌላ ዓይን ሳያየው መብረር እንደማይገባው ስለሚያስተምር ነው።

በ1922 ክልከላው ሲነሣ በቦታው ልክ የሚወስን ደንብ ተተካ። የጀርመን አይሮፕላን ከ4000 ሜትር በላይ መውጣት፥ በ2000 ሜትር ከፍታ ላይ በሰዓት ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ መፍጠን፥ አብራሪውንና መካኒኩን ጨምሮ ከ600 ኪሎ በላይ መጫን አይችልም ተባለ። ከዚህ ያለፈው ሁሉ የጦር አይሮፕላን ነው ተብሎ ይወረሳል። የዋስትና ኮሚቴ የተባለ የተቆጣጣሪዎች ጉባኤም ይህን እንዲያስፈጽም ተሾመ።

እንግዲህ ወጣቱ ሹም ሁለቱን ደንቦች ያስተያይ። በዚያው በ1919 ጥቅምት ወር በፓሪስ ሌላ ውል ተፈርሞ ነበር፤ እሱም ከአገር አገር የሚበር አይሮፕላን ሁሉ የበረራ ብቁነት ምስክር ወረቀት እንዲይዝ ያዝዛል። የፓሪሱ ደንብ አይሮፕላኑ ደኅና መሆኑን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሠሪው ሥራውን ባሻሻለ መጠን ፈቃዱ ይቀርበዋል። የ1922ቱ ደንብ ግን አይሮፕላኑ ደካማ መሆኑን ይጠይቃል፤ ሠሪው በተሻሻለ መጠን ፈቃዱ ይርቀዋል። ሁለቱም በማኅተም የታተሙ ናቸው፤ የሚለዩት በሚጠይቁት ጥያቄ ነው።

በር ሲዘጋ መስኮት

ዩንከርስ በአገራቸው የተከለከሉትን በውጭ አገር ለመሥራት ተነሡ። በኅዳር 1922 ከሶቪየት መንግሥት ጋር ተዋውለው በሞስኮ አጠገብ በፊሊ ፋብሪካ ከፈቱ፤ በስዊድንም በሊምሃምን እንዲሁ። ባለ ሦስት ሞተሩን አይሮፕላናቸውን በጀርመን ሲሠሩ ደንቡን እንዳይጥስ ደካማ ሞተር ያደርጉለትና፥ በስዊድን ኃይለኛ ሞተር ያስገቡለት ነበር። ኋላ የዚህ ዓይነት አይሮፕላኖች በ1926 ከበርሊን ተነሥተው ፔኪንግ ድረስ በረሩ።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ክፍል የዩንከርስ እጅ ፍጹም ንጹሕ ነበር ለማለት አንችልም። የፊሊው ፋብሪካ በጀርመን የጦር መሥሪያ ቤት የምስጢር ድጋፍ የቆመ ነበር፤ በዚያም የጦር አይሮፕላን ተሠርቷል። ስለዚህ የተቆጣጣሪዎቹ ጥርጣሬ ሁሉ ከንቱ አልነበረም። ክልከላው ሰዎቹን ወደ ጨለማ ገፋቸው፤ በጨለማ የሠሩት ሥራ ደግሞ ለክልከላው ምክንያት ሆነ። ይህ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነገር ነው፤ ማን ቀድሞ እንደጀመረ መለየት ያዳግታል።

የፊሊው ጉዳይ ለዩንከርስ ራሳቸውም ጥፋት ሆነ። የሶቪየት ትእዛዝ እንደታሰበው አልመጣም፤ የጀርመን ጦር መሥሪያ ቤትም ገንዘቡን አቆመ። በ1925 ኩባንያው ከዕዳ ላይ ወደቀና መንግሥት ገባበት። ብዙ የደከሙበት የአየር መንገዳቸው በጥር 1926 ከሌላ ኩባንያ ጋር ተደባልቆ ሉፍት ሃንዛ ሲባል ከእጃቸው ወጣ። በዚያው ዓመት ግንቦት በፓሪስ በተደረገ ስምምነት የ1922ቱ ገደብ ለመንገደኛ አይሮፕላን ተነሣ። ፈቃዱ መጣ፤ ግን አየር መንገዱ ከሄደ በኋላ ነው።

ሽማግሌው ፕሮፌሰር ተስፋ አልቆረጡም። ቀድሞም ባውሃውስ የሚባለው ዝነኛ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወደ ዴሳው እንዲመጣ ከረዱት አንዱ ነበሩ። በሚያዝያ 1928 ደብልዩ 33 የሚባለው አይሮፕላናቸው ብሬመን በሚል ስም ከአየርላንድ ተነሥቶ በ36 ሰዓት ገደማ ወደ ካናዳ ደረሰ። አትላንቲክን በአይሮፕላን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፥ ነፋስን ፊት ለፊት እየተጋፈጡ ያቋረጡ የመጀመሪያዎቹ የብሬመን ሦስት ሰዎች ናቸው።

የዩንከርስ ስም በአዲስ አበባ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ አይሮፕላን ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ሁለተኛው ተከተለ፤ እሱም የዩንከርስ ደብልዩ 33 ነበር። አትላንቲክን ባቋረጠ በማግስቱ ዓመት የዚያው ዓይነት አይሮፕላን በአዲስ አበባ ላይ በረረ ማለት ነው። ተማሪዎች እንዲያስቡት፤ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አላት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ኃይሉ ይቀንሳል፥ ክንፍም የሚደገፍበት አየር ያንስበታል፤ ለመነሣትም ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። ለዚህ ነው የአይሮፕላን ማረጋገጫ በየከፍታው ምን ያህል እንደሚጭንና ምን ያህል ሜዳ እንደሚፈልግ በሠንጠረዥ የሚጽፈው። በባሕር ዳርቻ የተፈተነ ብቻ ለደጋ አገር አይበቃም።

የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ ከነበሩት አንዱ ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነበር። ይህ ሰው በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አገራችንን በወረረበት ጊዜ በአዲስ አበባ አንድ ትንሽ አይሮፕላን ሠራ። አይሮፕላኑ ኢትዮጵያ 1 ተባለ፤ በልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ስም ደግሞ ፀሐይ ተብሎ ተሰየመ፤ በታኅሣሥ ወርም በረረ። ያን ጊዜ ኃያላን መንግሥታት ለኢትዮጵያ መሣሪያ መሸጥ ከልክለው ነበር። ጀርመን በ1919 አይሮፕላን እንዳትሠራ የተከለከለችው ዓለምን ስለ ወጋች ነው ተብሏል፤ ኢትዮጵያ ግን መሣሪያ የተነፈገችው እየተወጋች ሳለ ነው። የፀሐይን ሥራ የሚመረምር እንደ ዛሬው ያለ መሥሪያ ቤት በአገራችን ገና አልተቋቋመም ነበርና የአይሮፕላኗ ፈታኝ ሰማዩ ራሱ ነበር።

ፀሐይ በጠላት እጅ ወድቃ ወደ ጣሊያን ተወሰደች። በሮም አቅራቢያ በሚገኘው የቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ብዙ ዘመን ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። የዓለም አቀፉ የአየር ሕግ መሠረት የሆነው የቺካጎ ውል በ1944 ሲዘጋጅ ኢትዮጵያ በጉባኤው ከተገኙት አገሮች አንዷ ነበረች። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1938 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። በዘመናችን ደግሞ በአዲስ አበባ የአይሮፕላን የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅል ለቦይንግ ኩባንያ እስከ መሥራት ተደርሷል። አንዲት የሽቦ ጥቅል ብትሆንም በሰው አገር አይሮፕላን ውስጥ የምትገባው ከላይ የተናገርነውን የፈቃድ መንገድ ሁሉ አልፋ ነው።

የመጨረሻው ፊርማ

የፕሮፌሰሩን ፍጻሜ ሳንናገር ብንቀር ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። በ1929 በወፍራሙ ክንፉ ውስጥ መንገደኛ የሚያስቀምጥ ጂ 38 የሚባል ግዙፍ አይሮፕላን አበረሩ። በ1930 ዩ 52 ተከተለ፤ ኋላ ሦስት ሞተር ተጨምሮለት በዓለም ዙሪያ ታወቀ። ሆኖም የዓለም ንግድ ወድቆ ስለ ነበር ዕዳው እንደገና በረታባቸው። በ1932 የሀብታቸው ምንጭ የነበረውን የውኃ ማሞቂያ ኩባንያ ለቦሽ ሸጡ። ገንዘቡን ያዋሉት የአይሮፕላን ፋብሪካውንና ምርምሩን ለማዳን ነው።

በጥር 1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ። አዲሱ መንግሥት በምስጢር ትልቅ የአየር ኃይል ለማቋቋም ይፈልግ ነበር፤ ለዚህም የዩንከርስ ፋብሪካ አስፈለገው። ሽማግሌው ግን ለዚህ ሥራ የሚመቹ ሰው አልነበሩም፤ በሐሳባቸው ለነፃነትና ለሰላም የቆሙ፥ ከምንም በላይ ለምርምር የሚያስቡ ነበሩ። የአየር ሚኒስትሩ ጎሪንግ ሲሆን፥ ጉዳዩን የያዘው ምክትሉ ኤርሃርድ ሚልኽ ነበር። ሚልኽ ቀድሞ በዩንከርስ ቤት ያገለገለ፥ ሥራውንም በዚያ የተማረ ሰው ነው። ፕሮፌሰሩ በአገር ክህደት እንደሚከሰሱ ተነገራቸው። በሰኔ 1933 የባለመብትነት ወረቀቶቻቸውን፥ በጥቅምት ደግሞ ከኩባንያቸው አክሲዮን 51 ከመቶውን ፈርመው እንዲያስረክቡ ተደረጉ። ወደ ዴሳው እንዳይመለሱ ታገዱ፤ በባቫሪያ በቤታቸው ውስጥ በቁም እስር ተቀመጡ። የካቲት 3 ቀን 1935 ጋውቲንግ በምትባል ስፍራ ሞቱ። ዕለቱ ሰባ ስድስተኛ የልደት ቀናቸው ነበር።

ስማቸው ግን አልሞተም፤ ባይሆን ይሻል ነበር የሚያሰኝ ሥራ ተሠራበት። በ1937 የስፔይኗን ከተማ ጌርኒካን ከደበደቡት መካከል ዩ 52 ይገኝበታል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም እየጮኸ የሚወርደው ዩ 87 በስማቸው ይጠራ ነበር። ይህን አይሮፕላን እሳቸው አልሠሩትም፤ ፋብሪካቸው ከተወሰደ በኋላ የወጣ ነው።

የዚህን ሰው ሕይወት ስንመረምር ከመንግሥት ጋር ሦስት ጊዜ እንደተጋጠሙ እናያለን። አንደኛው ጊዜ ድል አድራጊዎች ሁሉን ባንድ ላይ ከለከሉባቸው። ሁለተኛው ጊዜ ሥራቸውን በልክ አሰሩባቸው። ሦስተኛው ጊዜ የገዛ አገራቸው መንግሥት ሠሪውን አውጥቶ ሥራውን አስቀረ። ሦስቱም የተፈጸሙት በወረቀትና በፊርማ፥ በቢሮ በተቀመጡ ሰዎች እጅ ነው። በዚህም ምክንያት ወረቀትና ፊርማን የሚጠላ ሰው ቢኖር አንፈርድበትም፤ ግን ተሳስቷል እንለዋለን። በአሜሪካ ለተነሣው እሳት መድኃኒቱ የነዳጁን መስመር አስቀድሞ የሚመረምር ጠንቃቃ ሹም ነበር።

ለወጣቱ ሹም የምንመክረው እንግዲህ ይህ ነው። አንድ ሰው ሥዕሉንና ስሌቱን ይዞ በጠረጴዛህ ፊት ሲቆም በመጀመሪያ ራስህን ጠይቅ፤ የምጠይቀው ጥያቄ ሥራውን ደኅና ለማድረግ ነው ወይስ ሠሪውን ለማዳከም? ደኅና ለማድረግ ከሆነ አትሳሳለት፤ ብሎኑን ሁሉ መርምር፥ ቢለምንህም አታልፈው። የጎደለውንም ለይተህ በግልጽ ንገረው፤ አሟልቶ እንዲመለስ ቀን ቁረጥለት። ምክንያቱን የማታውቀው ክልከላ ሲያጋጥምህ ግን ምክንያቱን ከአለቃህ ጠይቅ እንጂ ዝም ብለህ ማኅተም አትምታ። ለተማሪውም እንዲሁ፤ ዩንከርስ አይሮፕላን የጀመሩት በሃምሳ ዓመታቸው፥ ከውኃ ማሞቂያ ባገኙት ገንዘብ ነውና ዘመኔ አለፈ፥ ገንዘብ የለኝም አትበል።

ይህን ጽፈን ስንጨርስ እንደገና በደምበል በኩል አለፍን። ወደ ማታ ነበር፤ ሰው ከሥራ ይወጣል፥ መኪናው ተጨናንቋል። ከላይ አንድ አይሮፕላን መብራቱን አብርቶ ወደ ቦሌ ይወርድ ነበር። አሁንም ቀና ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። ሰው ሳይፈራ ወደ ቤቱ እንዲገባ የሚያደርግ ፊርማ የፈረሙ ሰዎች በየአገሩ ቢሮ እንዳሉ እያሰብን እኛም መንገዳችንን ቀጠልን።